ሞቴን የጠራው እንድሪስ

የሞትኩ ዕለት ደሴ ፒያሳ፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ከአንዲት የሙሽራ እናት ጋር ስለ ጨርቅ እጨቃጨቅ ነበር። ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም። ሴትዮዋ የዘረጋሁላትን ሁሉ እያሻሸች "ይሄ ቀለሙ ይለቃል፣ ያኛው ይሸበሸባል" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ከቴትሮን ዘመን ጀምሮ ጨርቅ ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ንዴቴ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ነው። "እንግዲያው ምንም ሳታለብሺ ዳሪያት!" ልላት አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። ኮምቦልቻ ያለውን የአባቴን ቤት የምትጠብቅልኝ ሐዋ ናት። "ሃሎ" ብል ከወዲያ በኩል ጩኸት ብቻ። ከጩኸቷ ጀርባ ደግሞ የብዙ ሴት ዋይታ ይሰማኛል።

"ኧረ በአላህ! እትዬ ዘይነባ፣ እርስዎ ነዎት?"

"ታዲያ ማን ልሁንልሽ?"

"ሞተዋል እኮ! ጋሽ እንድሪስ በየበሩ እየዞረ እየጠራ ነው። ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶታል። እኔ የደወልኩት ስልክዎ ማን እጅ እንደገባ፣ ጀናዛዎ መቼ እንደሚመጣ ልጠይቅ ብዬ ነው!"

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር፣ ወይም ይራገም ነበር። እኔ ግን ጨርቁንም ሴትዮዋንም ረሳሁ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ።

"የኔን ነገር ተይው ሐዋ" አልኳት። "ወንዙ የት ደርሷል?"

መልስ ሳትሰጠኝ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል፣ ደግሜ ብደውል፣ ስልኩ አይሠራም።

ሞቴ ሲነገረኝ ስለ ወንዝ የጠየቅኩት አእምሮዬን ስቼ አይደለም። ነገሩ የሚገባው የዚያ ሰፈር ልጅ ለሆነ ብቻ ነው፤ እናንተም እንዲገባችሁ ወደ ልጅነቴ ኮምቦልቻ ልውሰዳችሁ። ያኔ ሻይ በዐሥር ሳንቲም የሚጠጣበት ጊዜ ነው፤ አሁን ዐሥር ሳንቲም መሬት ላይ ቢወድቅ ጎንበስ የሚልለት የለም። ሰፈራችን ቦርከና ዳር ነበር። ታች ከወንዙ አፍ ላይ ሸንኮራና ፓፓያ፣ ከሱ ከፍ ብሎ የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመዋል፣ ከሁሉም በላይ ድንጋያማው ጉብታ ላይ የአባቴ ቤት ብቻዋን አለች። ወንዶቹ ሽርጥ ታጥቀው በላዩ ላይ ኮት ይደርባሉ፣ በዚያ ሙቀት! ሴቶቹ አበባ የታተመበት የፖሊስተር ቀሚስ መጥቶላቸው ነበርና ለዒድ የገዙትን እስኪነትብ ይለብሱታል። መታጠፊያው ላይ የነበረው ሻይ ቤት ሬዲዮውን በር ላይ አውጥቶ ያስቀምጠዋል፤ ዘፈን ሲመጣ ወጣቱ ይጠጋል፣ ሽማግሌዎቹ "ዝጋው!" ይላሉ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ማን እንደዘፈነው የሚጠይቁት እነሱው ናቸው። አሁን እዚያ መታጠፊያ ላይ ቆሜ ዓይኔን ብጨፍን የሸንኮራው ሽታ ይመጣልኝ ነበር። ከዚህ ክረምት በፊት ማለቴ ነው።

በእኛ አገር ቅሬ አለ። ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግድ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ጎረቤት ሁሉ ያለበት ማኅበር ነው። ቅሬ ሲጠራ ቤቱ የሚቀር የለም። የታመመ ተደግፎ ይወጣል፣ የተጣላ ኩርፊያውን ትቶ ይወጣል። የሰፈራችን ጠሪ እንድሪስ ነበር፤ ያኔ ገና ጎፈሬውን የሚያበጥር ወጣት ነው። ድምፁ! እሱ ታች ወንዝ ዳር ቆሞ "ቅሬ ውጡ! እከሌ አርፏል! ቅሬ ውጡ!" ሲል ጉብታው ላይ ያለው የኛ ቤት ውስጥ ብርጭቆው ይንቀጠቀጥ ነበር ብላችሁ አጋነነች ትሉኛላችሁ። በሉኝ፣ ግድ የለም።

አባቴ ይማም ከብት ነጋዴ ነበር። ከሐርቡ ከብት እየነዳ ኮምቦልቻ ገበያ ያመጣል። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በከብቱ ሳይሆን በዱላው ነው። ደላላ መትቶ የጎን አጥንት ሰብሯል። እረኞቹን ይመታል። እናቴን ይመታል። እኔንማ የሚመታኝ እጁ ሥራ እንዳይፈታ ያህል ነው። በእኛ በር የሚያልፍ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያልፈው። አባት ነውና ክፉ አልናገረውም የሚሉ አሉ፤ እኔ እናገረዋለሁ። ጨካኝ ነበር፣ አላህ ይማረው።

አንድ የክረምት ቀን፣ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ጭንቅላት ትበሳለች፣ ደሴ ጋራው ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሮ ያጉረመርማል። የምሳ ሰዓት ነው። እንድሪስ ወንዝ ወርዶ ሸሚዙን ሲያጥብ ውሃው ድንገት ጭቃ ጭቃ ሸተተው፣ ከላይ በኩል ደግሞ የሚንከባለል ድንጋይ ድምፅ ሰማ። እየሮጠ ወጥቶ "ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!" አለ። ማን ይስማው? ቦርከና በየክረምቱ ይመጣል፣ ሸንኮራውን ያጠጣል፣ ይመለሳል። "ይምጣ፣ ቤት ለእንግዳ ነው!" ብለው ሳቁበት፤ እጃቸውንም ከሣህኑ አላነሱም። አንድ በር አንኳኳ፣ ሁለት በር አንኳኳ፣ የሚነሳ ጠፋ። በዚያች ቅጽበት ነው እንግዲህ ሰው ሁሉ ምሳውን ጥሎ የሚወጣበትን አንድ ጥሪ ያሰበው። ግን ቅሬ ሲጠራ የሟች ስም ያስፈልጋል፤ ለቀስተኛም የሚሄደው ወደ ሟቹ ቤት ነው። ከሁሉ ከፍ ያለው ቤት የማን ነው? የኛ።

"ቅሬ ውጡ! ይማም አርፏል! ቅሬ ውጡ!"

ይማም ደግሞ በረንዳው ላይ ሽርጡን ታጥቆ ጫቱን ይቅማል። እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። ከታች ሰፈሩ በሙሉ እያለቀሰ ዳገቱን ሲወጣ አየሁ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ "ወየው ይማም! ወየው!" እያሉ። ግቢያችን ሲገቡ ይማም ጉንጩን በጫት ነፍቶ ቁጭ ብሏል። ዋይታው አፋቸው ላይ ቀረ። ከሁሉ መጨረሻ እንድሪስ አንዲት መራመድ የማትችል አሮጊት አዝሎ መጣ። አባቴ ተነሳ። "ሟርተኛ! በቁሜ?" አለ። እንድሪስ አሮጊቷን አስቀምጦ ገና ቀና ከማለቱ የመጀመሪያው ዱላ አፉ ላይ አረፈ። ጥርሱ እኔ እግር ሥር ወደቀ። ሁለተኛው ጉልበቱን አገኘው፤ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ወድቆም አልተወውም፣ ጀርባውን፣ እጁን፣ ያገኘውን ይመታል። እንድሪስ ደም እየተፋ ወደ ታች ይጠቁማል፤ መናገር አልቻለም።

ያኔ ነው የመጣው። ቦርከና ቀይ ሆኖ፣ ዛፉን ከነሥሩ ነቅሎ ከፊት ከፊቱ እየገፋ መጣ። የመጀመሪያውን ቤት በዚያው ዛፍ ደረመሰው። ሻይ ቤቱ ከነቆርቆሮው ሲነሳ፣ ቆርቆሮው እንደ ሰው ጮኸ። ላሞች በጀርባቸው ተንሳፍፈው አለፉ። ቅድም ሰው ምሳ ይበላበት የነበረው መደዳ፣ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ እያየ፣ ከመሬት ተላጠ። የአባቴ ዱላ አየር ላይ ቀረ። ሰፈሩ በሙሉ እኛ ግቢ ቆሟል፤ አንድ ሰው አልጎደለም። አባቴ ይቅርታ አላለም፤ ያን ቃል አያውቀውም። ዱላውን መሬት ጥሎት ገባና በሩን ዘጋ። የእንድሪስን ጉልበት ያሰረችው እናቴ ናት። እንድሪስም ያንኑ የተመታበትን ዱላ አንስቶ ተደገፈው፤ ዕድሜ ልኩንም ያለሱ አልተራመደም። አባቴን ከዚያ ወዲህ ሌላ ዱላ ይዞ አላየሁትም። እናቴን በእጁ መምታቱን ግን አልተወም፣ እውነቱን ልናገር።

አባቴ የምሩን የሞተውም ከዓመታት በኋላ በክረምት ነው። እንድሪስ በወለቀው ጥርሱ እያፏጨ ጠራ። ሰዉ እየሮጠ መጣ፤ ግን እንዴት ያለ አመጣጥ! ፍራሽ ተሸክሞ፣ ዶሮ በብብቱ ይዞ፣ የእህል ጆንያ ጎትቶ። አንዷ ከመንገድ ላይ ቆማ "እንድሪስ! እውነት ነው ወይስ ውሃ ነው?" ብላ ስትጣራ ሰምቻለሁ። "እውነት ነው!" አላት። ማን ይመነው? ጎረቤታችን ፍየሏን እንደያዘች ለቅሶ ተቀመጠች፣ ፍየሏም የለቀስተኛውን ነጠላ ስትበላ ዋለች። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ "አይዞሽ" ይላታል፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩና አውቀዋለሁ፣ እየሳቀች ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይደነግገው ሕግ ሆነ፤ ከይማም ቤት ሞት ከተጠራ ፍራሽህን ይዘህ ውጣ።

እኔ አግብቼ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ገባሁ፤ እዚያው ወለድኩ፣ እዚያው አረጀሁ። እናቴም አረፈች። እንድሪስ ደሴ ለሕክምና ሲመጣ ሱቄ ጎራ ይል ነበር። አንድ ቀን ዱላውን ጨርቁ ላይ አስደግፎ ሲቀመጥ፣ "ጋሽ እንድሪስ፣ ያኔ ስንት ደግ ሰው እያለ ለምን አባቴን ጠራህ? ቤቱ ከፍ ስላለ ብቻ ነው?" አልኩት።

"ቤቱማ አንዱ ነው" አለኝ። "ግን ደግ ሰው ብጠራ ምሳውን ጨርሶ ነው የሚመጣው። አባትሽን ሞቶ ለማየት ያልጓጓ ማን ነበር?"

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። "እናትሽም የለችም" አለ። "ከዚያ ቤት የቀረሽው አንቺ ነሽ። ወንዙ ዳር አሁን ሰው እንደ ጉንዳን ነው የሰፈረው። ቢመጣ የምጠራው አንቺን ነው። ይከፋሻል?"

"ጥራኝ" አልኩት። "ግን ጮክ ብለህ ጥራኝ፣ ሰው እንዲሰማ።"

እንግዲህ ሐዋ ስትደውልልኝ ስለ ወንዙ የጠየቅኩት ለዚህ ነው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከመናኸሪያ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ። ልጆቼ "መንገዱ ተንዷል፣ አትሂጂ" ቢሉኝ አልሰማሁም። በልጅነቴ ያን መንገድ በጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ በስሙኒ እየዘፈንን ወርደነዋል። አሁን ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ግማሽ መንገድ የለም፤ ሾፌሩ ሰው አስወርዶ ባዶውን እያሳለፈ፣ እኛ በጭቃው በእግራችን እየተከተልን ወረድን። ታች ስደርስ ሽታው ቀደመኝ። ጭቃ፣ ናፍጣና የሞተ ከብት። ያው የድሮው ሽታ ነው፣ ልጅ ሆኜ የሸተተኝ፤ ናፍጣው ብቻ አዲስ ነው።

ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ለኔ የተተከለ ድንኳን! ሥሩ ፍራሽ በፍራሽ ነው፣ ሕፃናት ተኝተዋል፣ ዶሮዎች በለቀስተኛው መሃል ይጭራሉ። ስገባ ሴቶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ተረባረቡብኝ። ፊቴን ይዳብሳሉ፣ እጄን ይስማሉ። አንዷ እኩያዬ አቅፋኝ "ዘይነባዬ፣ ሞተሽ አወጣሽን" አለችና አለቀሰች። እኔ ግን ዓይኔ አንድ ሰው ነው የሚፈልገው።

"እንድሪስ የታለ?"

ሁሉም ወደ ሐዋ ዞሩ። ማንም አያየኝም።

"የታለ እኮ ነው የምላችሁ!"

"እኛን አውጥቶ ተመለሰ" አለች ሐዋ። "አልወጡም ብሎ። ታች ቤት የተከራዩት የፋብሪካ ሠራተኞች።"

ወደ ታች ሮጥኩ ብላችሁ በዚህ ዕድሜ አታምኑኝም፤ ግን ሮጥኩ። ሰፈር አልነበረም። መታጠፊያው ላይ የመኝታ ቤት አልጋ ላይ የሞተች ላም ተኝታለች፤ ቤቱ የለም፣ አልጋው አለ። ቆርቆሮ በመብራት ምሰሶ ላይ እንደ ነጠላ ተጠምጥሟል። ሚኒባስ በአፍንጫው ጭቃ ውስጥ ተተክሏል። ሰዎች በአካፋ፣ በእጃቸው፣ በድስት ክዳን ይቆፍራሉ። አንዲት እናት ስም እየጠራች ፍርስራሹን በጥፍሯ ትቧጥጣለች፤ ስሙን አልደግመውም። ቦርከና ከታች ጠግቦ እንደበላ ከብት ቀስ እያለ ይሄዳል። ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩበት። ምን ላድርግ? ሌላ ምን አደርገዋለሁ?

ከፋብሪካ ሠራተኞቹ አንዱ፣ ሙክታር የሚባል ጎልማሳ፣ ጭቃ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ጭኑ ላይ አንድ ዱላ አጋድሟል። አወቅኩት፤ ያን ዱላ እንዴት አላውቀው?

"ከየት አመጣኸው?"

"እትዬ፣ እኛ ከሌላ አገር ለሥራ የመጣን ነን" አለኝ። "የማታ ሥራ አድረን ተኝተን ነበር። አንድ ሽማግሌ 'ዘይነባ አርፋለች፣ ውጡ' ይላል። ዘይነባን የት እናውቃታለን? 'ነፍሷን ይማር አባባ፣ ይሂዱ' ብለን ተሸፋፈንን። ቀጥሎ 'ውሃ መጣ' አለ። አሁንም ሳቅን። ከዚያ በሩን በድንጋይ ሰበረው።" ሸሚዙን ከትከሻው ገለጥ አደረገ። እንደ ጣት ያበጠ ሰንበር ከትከሻው እስከ ጀርባው ወርዷል። "በዚህ ዱላ ደበደበን እትዬ። አልጋ ላይ እንዳለን! አንዱን ጭንቅላቱን ፈነከተው። እያለቀሰ ነበር የሚመታን። ልመታው ተነስቼ እየሮጥኩ ተከተልኩት፣ ጓደኞቼም ተከተሉኝ፣ እሱ እያነከሰ ወደ ላይ ይሸሻል። ግማሽ ዳገት ላይ ስንደርስ ከኋላችን ቤታችን ሄደ።"

"ከዚያስ?"

"'መጨረሻው ክፍል ሰው አለ' አለና ተመለሰ። ያዝኩት፣ በዱላው እጄን መትቶ አስለቀቀኝ። ዱላውን ያገኘሁት አሁን ነው፣ እዚያ፣ የበሩ መቃን ላይ ተሰክቶ።" አንዲት ሴት ቅባት ልትቀባው ብትመጣ ትከሻውን አሸሸ። "ተይው" አላት። "ሰንበሩ እንዳይጠፋ።"

እንድሪስን ከቀትር በፊት ወደ ሐርቡ በሚወስደው በኩል፣ ወንዙ ሰፋ ብሎ ከሚተኛበት አሸዋ ላይ አገኙት። በአልጋ ተሸክመው አመጡት። ቤቱ ስለሌለ ወደኔ ግቢ አስገቡት። አፉ ገርበብ ብሏል፤ አባቴ ያወለቀው ጥርስ ቦታ ይታያል። ተንበርክኬ በጆሮው "ጮክ ብለህ ጠርተኸኛል" አልኩት።

አጥበው፣ ከፍነው ሲጨርሱ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ታች ጭቃ ውስጥ የሚቆፍረው ሰው ለቀብር መጠራት አለበት፤ መብራት የለም፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አይሠራም፣ ስልክ የለም። ሞት የሚጠራው ሰው ደግሞ የሞተው እሱው ነው። ዱላውን ከሙክታር ተቀብዬ ተነሳሁ።

የቅሬው መሪ፣ ዳኛ የምንለው፣ እጁን ዘረጋ። "እትዬ ዘይነባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሴት ቅሬ ጠርታ አታውቅም።"

"የምትጠራው የሞተች ሴት ናት" አልኩት። "የሞተን ማን ይከለክላል?"

አንገቱን ደፋ። እኔም ጉብታው ጫፍ ላይ፣ አባቴ ጫት ይቅምበት የነበረው በረንዳ ፊት ቆምኩ። ዱላውን መሬት አስይዤ ጮኽኩ።

"ቅሬ ውጡ! እንድሪስ አርፏል! ቅሬ ውጡ!"

ታች አካፋዎቹ ቆሙ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። ከዚያ ከጭቃው መሃል አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

"እውነት ነው ወይስ ውሃ ነው?"

ወደ ደሴ ጋራ ዞር ብዬ አየሁ። ጠቁሯል፣ ያጉረመርማል።

"እውነት ነው!" አልኩ። "ፍራሻችሁን ይዛችሁ ውጡ!"

ቀድመው የተነሱት እነዚያ የማንንም ስም የማያውቁት ሠራተኞች ናቸው። ከፊት ሙክታር ነበር፤ ከጭቃ ያወጣውን ፍራሽ በታመመው ትከሻው ተሸክሞ፣ "ወየው እንድሪስ!" እያለ እያለቀሰ ዳገቱን ወጣ።